ማስተካከያ፦ የቮልሷ ፑንቲና 4 ሳይሆን 0.4 ሚሊ ሜትር ነው

ባለፈው አልነሳ ስላለች አሮጌ ቮልስ ስጽፍ፣ የፑንቲናው (እሳት እንዲፈጠር ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ትንሽ የብረት ማገናኛ) ክፍተት 4 ሚሊ ሜትር ይሁን ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ነጥቧን ውጫታለሁ። ትክክለኛው 0.4 ነው። የሚለካውም የዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ክፍል) ዘንግ ጉብታ ፑንቲናውን እስከ መጨረሻው ሲከፍተው ነው። ክፍተቱ ሲበዛ ፑንቲናው ገጥሞ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፣ ቦቢናው (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚቀይረው ጥቅል ሽቦ) በደንብ አይሞላም፣ የካንዴላው እሳትም ይደክማል። በ4 ሚሊ ሜትርማ ጭራሽ አይገናኝም! ባትሪው እስኪያልቅ ሞተሪኖ ብታዞሩ ወፍ የለም።

የካንዴላ ገመዶቹንም ቅደም ተከተል፣ በሲሊንደሮቹ ቁጥር፣ 1-2-3-4 ብያለሁ። እሱም ስህተት ነው። ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ፣ በሰዓት አቅጣጫ፣ 1-4-3-2 ነው። ገመድ ከተቀያየረ ሞተሩ በካርቡራቶር በኩል ያስነጥሳል እንጂ አይነሳም። እኔን ሰምታችሁ ፑንቲና የነካካችሁ፣ ይቅርታ።