ብሩ በሰኔ፣ ፍየሉ በየካቲት

ክርክሩን ያስነሳው አንድ የስልክ ፎቶ ነው። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ስልኩን ለመምህሩ እያቀበለ "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ። የገባኝ ልክ መሆኑን ላረጋግጥ" አላቸው። በድሬዳዋ ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ አካባቢ ያለ የአጎቱ ልጅ ነው የላከለት። ቀበሌው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፣ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ። የአጎቱ ልጅ የተማረው በኦሮምኛ ነው። ስለዚህ ፎቶ አንስቶ ለከተሜው ዘመዱ ላከ።

ድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሠፈር ዛፎቹ ሥር ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። ጡረታ የወጡት መምህር አሉ። ፍየልና በግ የሚነግዱ ሐጂ አሉ። ገጠር ቀበሌ የምትሠራ የልማት ሠራተኛ አለች፤ ለእረፍት ከተማ ወርዳ ነው። ባለባጃጁና እኔ።

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ። የገጠር ወጣቶች ልማት መርሃ ግብር በቀጣዮቹ ወራት የሚሠራቸው ሥራዎች ናቸው። በማኅበር ለተደራጁ ብድር አለ። የ45 ቀን ጫጩት ይከፋፈላል። የማድለብ ሥልጠና፣ የኮምፒውተር ሥልጠና፣ የክረምት በጎ ፈቃድ፣ ባዛር፣ እግር ኳስ። መሀል ላይ በአንድ መስመር "በተከለሉ ተፋሰሶች ላይ ተደራጅተው መሥራት ለሚፈልጉ" የሚል አለ። ምዝገባው ሰኔ ላይ ያበቃል። ማኅተሙ ትልቅ ነው። ስልክ ቁጥር የለውም።

"ይኸው!" አሉ መምህሩ። "ሁሉ ነገር ቀርቧል። የሚጠፋው ወጣቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ማታ ሥራ የለም ይላል።"

ሐጂ ሳቁ። "መምህር፣ ጫቱን ማን አመረተው? ያው ወጣት አይደለም እንዴ? ቀጥፎ፣ አስሮ፣ በሌሊት ጭኖ የሚያወርደው እሱ ነው። ሰነፍ ቢሆን እርስዎም እኔም ምን እንቅም ነበር?"

መምህሩ አልተበገሩም። መንግሥት በ2009 ዓ.ም ለወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር መመደቡን አስታወሱ። ከ18 እስከ 34 ዓመት ላለ ሰው ሁሉ የተከፈተ በር ነበር። ያ ብር የት ደረሰ? ተካፍለው በሉት አሉ።

የልማት ሠራተኛዋ እዚህ ላይ ገባች። ገና ሰላሳ ያልሞላት፣ ነገር ስታስረዳ ጣቷን የምትቆጥር ልጅ ናት። "ጋሼ፣ ተካፍለው የበሉ አሉ፤ አልዋሽም። ብዙ ቦታ ብድሩ ባለመመለሱ ነው አበዳሪው አሁን እጁን የሰበሰበው። ግን ለምን እንደተካፈሉት ይጠይቁ። አምስት ሆናችሁ ተደራጁ ይባላሉ። አምስቱ የሚተዋወቁት ቃለ ጉባኤ ላይ ነው።"

"ታዲያ ለምን ለብቻቸው አይሰጧቸውም?" አለ ባለባጃጁ።

"ምን አስይዘው? መሬቱ የአባትየው ነው። አባትየው ከሰባት ልጅ ለማን ይስጥ? ማስያዣ የሌለው ሰው ማስያዣው ጓደኛው ነው።"

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍየል የአምስት ሰው ከሆነ ማታ በረት የሚያስገባው አይገኝም አሉ። ሲታመም ሁሉም ባለቤት ነው፣ ሲጠፋ ሁሉም እንግዳ። "ጉዛ እናውቃለን" አለ ባለባጃጁም። ለአጨዳ፣ ለቤት ሥራ በደቦ መውጣት የኖረ ነገር ነው። ግን ጉዛ የወጣ ሰው ሥራውን ጨርሶ ወደ ራሱ ንብረት ይመለሳል። ንብረቱን ራሱን አንድ ላይ አድርጉት ማለት ሌላ ነገር ነው። እኔ ይኼኛው አነጋገሩ በጣም ገባኝ፤ መምህሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ።

ከዚያ ወደ ማድለብ ሥልጠናው ዞርን። ሐጂ የተቆጡት እዚህ ጋ ነው። "የሐረር ሰንጋ አዲስ አበባ ድረስ በስሙ የሚጠራው ማን አሠልጥኖት ነው? እናቶቻቸው በሬውን ቤት አስረው በእጃቸው የሚያጎርሱ ልጆችን ማድለብ ልታስተምሯቸው?" እውነት አላቸው። በሐረርጌ ገበሬው ማሽላውንና በቆሎውን አጥብቆ ይዘራል። ኋላ የሚያሳሳውን ቡቃያ፣ ቀጥሎም ቅጠሉን እየቀነጠሰ ለበሬው ያቀርባል። ጠባብ ማሳ ላይ እህልም መኖም ከአንድ ዘር ማውጣት ነው። ይኼን ያወጣ ሰው መማር ያለበት ሌላ ነገር ነው።

ልጅቷም አላፈገፈገችም። "ሐጂ፣ እናቶቹ ማድለብ ያውቃሉ። ሒሳብ ግን አይጽፉም። ሰንጋው ስንት አወጣ ብለው ቢጠይቋቸው ይነግሩዎታል። ምን በላ ቢሏቸው አይነግሩዎትም። ፉርሽካውን በዱቤ ወስደው፣ ፋጉሎውን ከጎረቤት ተበድረው፣ ሲሸጡ ደስ ብሏቸው ይገባሉ። ትርፉን ማንም አያውቀውም። ሥልጠናው እሱን ቢያስተምር ምን ክፋት አለው?"

"እሱን ያስተምራል?" አለ ባለባጃጁ።

ሳቀች። "የዓምናው ስላይድ ላይ የውጭ ላም ነበረ።"

ስለ ጫጩቱ ብዙ አልተከራከርንም። የ45 ቀን ጫጩት የመጀመሪያውን አስቸጋሪ ጊዜ ያለፈች ናት። እንቁላል እስክትጥል ግን ከሦስት ወር በላይ መመገብ አለባት፣ የፈንግል ክትባትም አይዘለልም። ክትባቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ከፍ ያለው የቢዮ አዋሌ በኩል ይሞከር ይሆናል። ጀልዴሳ ቆላ ውስጥ ግን በዚያ ሙቀት ዶሮ ማርባት መጀመሪያ ጥላና ውኃ ይጠይቃል። ጀልዴሳ ሲባል መምህሩ ወግ ጀመሩ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም መጥቶ ድሬዳዋን ሳይወልዳት በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ነጋዴ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነበር፣ ቀረጥም የሚከፈለው እዚያ ነበር አሉ። ጥሩ ወግ ነው፤ ለዶሮዎቹ ግን የሚፈይደው የለም።

የኮምፒውተር ሥልጠናው 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ የሚባለው ነው። በ2016 ሐምሌ የተጀመረ፣ በነፃ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት። መምህሩ ወደዱት። ባለባጃጁ ግን የአጎቱ ልጅ ለዚህ ፎቶ እንኳ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ መውጣቱን ነገረን። ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ነገሩን የማይረባ አልለውም። ከተማ ዘመድ ያለው፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ የተቀመጠ ልጅ ሊጠቀምበት ይችላል። ግን የገጠር ወጣት ዕድል ተብሎ ሲጻፍ የአውቶብስ ትኬቱም አብሮ መጻፍ ነበረበት።

ዋናው ክርክር ብድሩ ላይ ነው የፈነዳው። ባለባጃጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ወለድ አለው አይደል?" አለ። አለው፣ አለችው። "በቃ፣ ወላሂ እኛ ሠፈር ማንም አይነካውም። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም ጋሼ። ሐራም ስለሆነ ነው።"

መምህሩ ይኼን አላሰቡትም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ከተማ አስተምረው እንዴት እንዳላሰቡት እኔም ገረመኝ። ልጅቷ ከወለድ ነፃ አሠራር መኖሩን ነገረችን። ሙራባሃ የሚባለው አለ፦ አበዳሪው ፍየሉን ራሱ ይገዛና ትርፉን አስታውቆ በዱቤ ይሸጥላችኋል። ብር አይሰጥም፣ ወለድም አይቆጥርም።

ሐጂ በሳቅ ፈረሱ። "ፍየል በኮሚቴ? ሦስት ሰው ፕሮፎርማ ይዞ ገበያ ሲመጣ ነጋዴው እያየው ዋጋ ይጨምራል! የታመመችዋን ነው የሚያሸክሙት።"

"አይደለም ሐጂ፣ ልጁ ራሱ ወኪል ሆኖ ይገዛል። ለአበዳሪው ወክሎ ይገዛል፣ ከዚያ ይረከባል።"

"እንዲያ ከሆነ ጥሩ" አሉና አሰብ አደረጉ። "ብሩ መቼ ነው የሚለቀቀው?"

"ሰኔ። በጀት ሲዘጋ ነው የሚገፋው።"

ሐጂ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚህ በኋላ የተናገሩት ነው ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ። ፍየል የሚያዋጣው ለአረፋ ነው አሉ። አረፋ በ2017 ግንቦት መጨረሻ ላይ ነበር፣ በየዓመቱ ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ያህል ይቀድማል። ፍየል ለማድለብ ሦስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ የሚገዛው የካቲት ላይ ነው፣ እየቆየም ጥር ላይ። ለኡዱሂያ፣ ማለትም ለአረፋ መሥዋዕት የሚቀርብ ፍየል ደግሞ ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ አንካሳ ወይም ዕውር አይሆንም፤ ስለዚህ የተገኘውን መሰብሰብ አይቻልም፣ መምረጫ ጊዜ ይፈልጋል። "ሰኔ ላይ ብር የያዘ ልጅ ምን ይገዛል? አረፋ አልፏል። ሣር ገና አልደረሰም። ሞባይል ይገዛል።"

"እኔ ቀኑን የምወስን ይመስላችኋል?" አለች ልጅቷ። ድምፏ ተቀየረ። "ሪፖርት የምጽፈው በሩብ ዓመት ነው። በሩብ ዓመት ስንት ወጣት ተደራጀ ይሉኛል። ስንት ፍየል ተሸጠ ብሎ የጠየቀኝ የለም።"

ትንሽ ዝም አልን። ባለባጃጁ "የካቲት ላይ ደግሞ ምን ይበላል? ያኔ መሬቱ ደርቋል" አለ። ያን ጊዜ ነው ያቺ መሀል ያለችው አንድ መስመር ትዝ ያለችኝ። የተከለለው ተፋሰስ ምንድነው አልኳት። አብራራችው። ተራራው ከከብት ይከለከላል። በሴፍቲኔት ጉልበት እርከን ይሠራበታል። ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ ሣሩ ይመለሳል። ከዚያ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ይሰጣል፤ ሣሩን አጭደው ይወስዳሉ፣ ቀፎ ይሰቅላሉ፣ ከብት ግን አያሰማሩበትም። መምህሩ የ1998ቱን ክረምት አነሱ። የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የሞተበትን። ውኃው የመጣው ከነዚያው ከተራቆቱት ተራሮች ነው። ከተማው ገጠር እንዳለው የሚያስታውሰው ጎርፍ ሲመጣ ነው አሉ። በ1999ኙ ቆጠራ ከአስተዳደሩ ሕዝብ ሲሶ ያህሉ ገጠር የሚኖር ነበር።

ስንለያይ ልጅቷ አንድ ነገር ጣል አድርጋ ሄደች። ስብሰባ የሚጠራው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሴት ልጆቹ ወተትና ቲማቲም ይዘው ቀፊራ ገበያ ናቸው። "ዝርዝሩ ላይ ሴት የለችም ሲሉኝ ምን ልበላቸው?" አለች። ማናችንም መልስ አልነበረንም። እስከዚያ ድረስ ስለ ሴቶቹ ያነሳ ሰውም አልነበረም።

ፍርዴን ልናገር። መምህሩ ስለ ጫቱ ተሳስተዋል፣ ስለ ጎርፉ ልክ ናቸው። ሐጂ ስለ ማኅበሩ ያሉት ግማሹ ብቻ ያስኬዳል። ፍየል ለአምስት አይሆንም፤ ሣር ግን ይሆናል። ተራራን አንድ ሰው ሊጠብቀው አይችልም፣ አጨዳም በጉዛ የኖረ ነው። እንግዲህ ማኅበሩ ለተራራው ይሁን፣ ፍየሉ ለየግል ይሁን። አምስቱ ሣሩን አብረው አጭደው ድርቆሽ ይከምሩ፣ እያንዳንዱ ደግሞ ሁለትም ሦስትም ፍየል በራሱ በረት ያድልብ። ልጅቷ የምትፈልገው የጓደኛ ዋስትናም እዚያው ይገኛል፤ አብሮ ያጨደ ሰው ይተዋወቃል።

ከማስታወቂያው ዝርዝር ውስጥ መሬት ለሌለው ልጅ መሬት የሚሰጠው ያ አንድ መስመር ብቻ ነው። እሱም የተጻፈው ከባዛሩ በላይ ተደብቆ ነው። ልመዘገብ የሚል ካለ መጀመሪያ የሚጠይቀው ወሰኑና ዘመኑ የተጻፈበት ወረቀት ነው። ሣሩ ሲያምር "የኛ ግጦሽ ነበር" የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ በቃል የተሰጠ ተራራ በቃል ይወሰዳል።

ቀኑን በተመለከተ የልማት ሠራተኛዋን አልወቅሳትም። ሣሩ የሚታጨደው መስከረምና ጥቅምት ነው። ፍየሉ የሚገዛው ጥርና የካቲት ነው። የሚሸጠው ግንቦት። ምዝገባውን በመስከረም አድርጎ ብሩን ለጥር ማድረስ አዲስ አዋጅም ተጨማሪ በጀትም አይጠይቅም። አረፋ በየዓመቱ ስለሚቀድም ግን ቀኑ አንዴ ተወስኖ የሚተው አይደለም። ከሐጂ ዓይነት ሰው ጋር በየዓመቱ ተቀምጦ መቁጠር ይፈልጋል። ማስታወቂያውም በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይጻፍ፣ ስብሰባውም ገበያ በሌለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ይሁን። ከወለድ ነፃ ብድር መኖሩን ደግሞ በዚያው ወረቀት ላይ በትልቁ ይጻፉት።