ዘይቱን ከመድፋታችን በፊት እንመርምረው

የሰርቪስ ሰዓት ደረሰ ይባላል። ቡሎኑ ይፈታል፣ ጥቁሩ የሞተር ዘይት በርሜል ውስጥ ይገባል፣ አዲስ ይሞላል። አለቀ። እኔን የሚቆጨኝ በርሜሉ ውስጥ የገባው ነው። ያ ዘይት እኮ የማሽኑን ሆድ ዕቃ ሁሉ ሲዞር የከረመ ነው። እኛ ሳንፈታ የማናየውን አይቶ መጥቷል።

100 ሚሊ ሊትር ያህል በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ ላቦራቶሪ መላክ ብዙ ነገር ያሳያል። ሲሊከን ከጨመረ አቧራ እየገባ ነው፤ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ማየት ነው። እርሳስና መዳብ አብረው ከወጡ ብሮንዚናው፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ለስላሳ ብረት፣ እየተበላ ሊሆን ይችላል። ሶዲየም ወይም ፖታሲየም ሲታይ የራዲያተር ውሃ ወደ ዘይቱ መግባቱን ጠርጥሩ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከቀጠነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ናፍጣ ተቀላቅሎበታል። ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር እያፈሰሰ ዘይት ብንቀያይር ምን ዋጋ አለው? አዲሱም ይቀጥናል።

አንድ ውጤት ብቻውን ግን ብዙም አይናገርም። ብረት ከሚሊዮን እጅ 40 እጅ ወጣ እንበል። ሁልጊዜ 38 እና 41 ለሚያሳይ ሞተር ይህ ደህና ነው። 10፣ 12፣ 11 እያለ ቆይቶ ድንገት 40 ለገባው ግን የጥገና ቀን ቆርጦ መለዋወጫ ማዘዝ ያስፈልጋል። መንገድ ላይ ቆሞ ከመቅረት በፊት ማለት ነው።

ናሙናው የሚቀዳው ዘይቱ ትኩስ ሳለ፣ ከዘይት ፊልተሩ በፊት፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው። ከካርተሩ (ከሞተሩ የዘይት ገንዳ) ስር የዘቀጠውን መላክ ላቦራቶሪውን ማሳሳት ነው። ምርመራውም ሁሉን አያይም። የተለመደው የብረት ምርመራ ከ10 ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ) በላይ የሆነ ስብርባሪ በአብዛኛው ያመልጠዋል። ስለዚህ የወጣውን ፊልተር ቀዶ ማየት አይቅር። እጥፋቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ማግኔት አስጠጉበት። ከተሳበ ብረት ነው።

ላቦራቶሪ ከሌለስ? የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጋችሁ፣ 160 ዲግሪ ገደማ በጋለ ብረት ላይ አንድ ጠብታ ጣል አድርጉ። ከተንጣጣ ውሃ አለበት።

ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አደራ። ማሽኑ በጠቅላላው ስንት ሰዓት ሠራ? ይህ ዘይት ከገባ ወዲህስ? በመሃል ስንት ሊትር ተጨመረ? ብዙ ሰው ባዶውን ይልከዋል። በ100 ሰዓት የመጣ 40 እና በ500 ሰዓት የመጣ 40 አንድ አይደሉም፤ ላቦራቶሪው ደግሞ የሚለያቸው በዚያች ወረቀት ነው።