ጫጩት መጨመር ወንዝን አይተካም

ስለ ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ዓሣ ማነስ በተነሳ ቁጥር ጅማ ውስጥ የሚሰማው መፍትሔ «የዓሣ ጫጩት ይጨመርበት» የሚል ነው። አስጋሪው ይለዋል፤ በጾም ዋጋ የሚወደድበት በላተኛም ይለዋል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን በዚሁ መፍትሔ ተማምና ዐርባ ዓመት የደከመች አገር አለች፤ ቻይና።

የቻይና ስተርጀን ባሕር ውስጥ ኖሮ ለመራባት ወደ ያንግትዜ ወንዝ የሚወጣ ግዙፍ ዓሣ ነው። ዘሩ ከዳይኖሰር ዘመን የመጣ ሲሆን፣ ገላው ላይ አምስት መስመር የአጥንት ጋሻ ተደርድሮበታል። ሴቷ እንቁላል ለመጣል የምትደርሰው ቢፈጥን በ13 ዓመቷ ነው፤ 25 የሚያልፋትም አለች። ወንዝ ከገባች በኋላ ምግብ አትቀምስም። ከባሕር ይዛ በመጣችው ስብ አንድ ዓመት ያህል ወንዙ ውስጥ ከርማ፣ በቀጣዩ ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ለዚህ ሁሉ ድካም ታዲያ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1981 የጌዦባ ግድብ መንገዱን ዘጋው። የዓሣ መተላለፊያ ይሠራለት ወይስ አይሠራለት የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር፤ መተላለፊያው ቀረና ማራቢያ ጣቢያ ተመረጠ። ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጫጩቶች ወንዙ ላይ ተለቅቀዋል። ዓሣው ግን ከግድቡ ሥር ባለች ጠባብ ቦታ ተወሰነ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ከላይ ያለው የሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ ውኃ ሲይዝ፣ ወንዙ በመራቢያው ወቅት ዓሣው እንደሚፈልገው ቶሎ አልቀዘቅዝ አለ። ከ2017 ጀምሮ በተፈጥሮ ሲራባ አልታየም። በ2022 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በምድር ላይ የቀሩት 26ቱም የስተርጀን ዝርያዎች አደጋ ላይ መሆናቸውን አስታወቀ። የዚያው ወንዝ ሌላ ትልቅ ዓሣ፣ መቅዘፊያ አፍንጫው፣ ጭራሹን ጠፍቷል ተባለ።

«እኛ ጋ ስተርጀን የለም» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ግን አለ። ቢልጫም ክረምት ሲገባ ከሐይቅ ወጥቶ ጠጠራማ ገባር ወንዞች ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ጣና ላይ የሆነውን እናውቃለን፤ ለመራባት የሚወጡ ዘመዶቹ ወንዝ አፍ ላይ በመረብ ሲጠበቁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ቁጥራቸው 75 በመቶ ገደማ እንደወረደ ተመራማሪዎች ጽፈዋል።

ግልገል ጊቤን የምንመዝነው በ184 ሜጋ ዋቱ ብቻ ነው። መብራቱ ያስፈልገናል፤ ግድቡ ይፍረስ የሚል ሰውም የለም። ከሥር ያለው ዓሣ ግድቡን ወጥቶ እንደማያልፍም የታወቀ ነው። የሐይቁ ዓሣ ግን ወደ ላይ፣ ወደ ገባሮቹ የሚወጣበት መንገድ ገና አልተዘጋበትም። እሱን የምንዘጋው እኛው ነን፤ ዳገቱን እስከ ወንዙ ጫፍ አርሰን ጠጠሩን በደለል ስንቀብር፣ ዓሣው ሲወጣ ጠብቀን መረብ ስንዘረጋ።

ሕግ አልጎደለንም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለጫጩት የሚመደብ ገንዘብ ካለ፣ ከፊሉ ከሰኔ እስከ መስከረም የገባሮቹን አፍ ከመረብ ለሚጠብቁ የአስጋሪ ማኅበራት ይሰጥ። በእነዚያ ወራት ከገቢያቸው የሚጎድልባቸውም እነሱ ናቸው።