በቦሌ ነው ወይስ በባሕር?

ወሎ ውስጥ «እከሌ ሳዑዲ ሄደ» ከተባለ ቀጣዩ ጥያቄ «ለምን?» አይደለም። «በቦሌ ነው በባሕር?» ነው። በቦሌ ማለት ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ አውሮፕላን። በባሕር ማለት ደግሞ ከጅቡቲ ኦቦክ ወይም ከሶማሊያ ቦሳሶ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ በጦርነቱ መሀል ወደ ሳዑዲ ድንበር። «ለምን» የሚለውን ሁሉም ስለሚያውቀው የሚጠይቀው የለም።

ቢሮ ውስጥ ጥያቄው ሌላ ነው። ስደተኛ ነው (ከአደጋ የሸሸ) ወይስ ፍልሰተኛ (ሥራና ኑሮ ፍለጋ የሄደ)? ሕጋዊ ነው ሕገወጥ? እኛ በአማርኛ ሁሉንም ስደት ነው የምንለው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ግብፅ ስትወርድም ስደት፣ የሰፈራችን ልጅ ቤሩት ስትሄድም ስደት። «ፍልሰተኛ» የሚለውን ቃል እኔ ከወርክሾፕ ውጪ ሰምቼው አላውቅም።

ቋንቋችን የተሳሳተ አይመስለኝም። አንዲት ሴት በኮንትራት፣ በሕጋዊ ቪዛ አረብ አገር ትገባለች። ደመወዟን ሲከለክሏት ጠፍታ ትወጣለች። በካፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ የተንጠለጠለው በአሠሪዋ ላይ ነው። እሱ «ጠፋች» ብሎ ሲያመለክት ሕገወጥ ሆነች ማለት ነው። ሴትየዋ ያው ናት። ወረቀቷ ነው የተለወጠው።

ምክንያቱስ? «ድህነት» ብለን እንገላገላለን። ድህነት ብቻ ቢሆን ሁሉም አንድ መንገድ በሄደ። ግን የሆሳዕናና የከምባታ ልጅ በሞያሌ አድርጎ፣ ኬንያንና ታንዛኒያን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳል። የወሎ፣ የራያና የጅማ ልጅ ሳዑዲን ያያል። አዲስ አበባ ደግሞ ዲቪ ይሞላል። ልዩነቱ ያለው ቀድሞ የሄደው ሰው ላይ ነው። ጆሃንስበርግ ሱቅ የከፈተ ወንድም ታናሹን ይስባል፣ ታናሹ የአክስቱን ልጅ። መንደሩ ውስጥ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ብቅ ሲል ደግሞ ጎረቤት ልጁን ማየት ይጀምራል። ደግሞስ የመጨረሻው ድሃ የደላላውን ገንዘብ ከየት ያመጣል? በሬ ያለው ነው በሬ ሸጦ የሚሄደው።

መንገዱ እንደሚገድል አይታወቅም ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ታፍነው የሞቱት 64 ወገኖቻችን ነበሩ። ለቅሶው ገና ሳይበርድ ሌሎች መንገድ ላይ ነበሩ።

ታዲያ መንግሥት ምን አደረገ? በ2006 መጀመሪያ ዜጎች ለሥራ ወደ አረብ አገር እንዳይሄዱ አገደ። ብዙም ሳይቆይ ሳዑዲ በዘመቻ ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ሰው ተመለሰ። እገዳው እስከ 2010 ቆየ። በዚያ ጊዜ የተዘጋው ቦሌ ነው። ባሕሩን ማን ይዘጋዋል? በፈረንጆቹ 2016 የመን ራሷ በጦርነት እየነደደች፣ በጀልባ የደረሱባት ከ117,000 በላይ ነበሩ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን። ጭንቀቱ ይገባኛል፤ በየቀኑ አስከሬን ሲመጣ ዝም ማለት አይቻልም ነበር። ቢሆንም የሚሄድ ሰው መሄዱን አልተወም፤ ይበልጥ ወደሚገድለው መንገድ ዞረ እንጂ።

አሁንም የምናደርገው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ቀበሌ ስብሰባ ጠርተን «ሕገወጥ ስደት ይገድላል» እንላለን። ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ታጨበጭባለች። ማታ ከሪያድ እህቷ በኢሞ ትደውላለች። ስለ መንገዱም፣ ስለ ማዳሟም ከተሰብሳቢው ሁሉ በላይ የምታውቅ እህት ናት።

ልጅቷ የምትፈልገው ሌላ መልስ ነው። በቦሌ ለመሄድ ስንት ወር ይፈጃል? ስንት ብር? ደመወዜን ቢከለክሉኝ ለማን እደውላለሁ? ይህን ልትጠይቅ ወረዳ ስትሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ተመለሺ» ትባላለች። ደላላው ቅዳሜ ማታ እቤቷ ይመጣል።