ርካሽ ነው የተባለው የማይክሮፎን ማጉያ
የማይክሮፎን ቅድመ ማጉያን፣ ማለትም ከማይክሮፎን የሚመጣውን ደካማ ምልክት የሚያጎላውን መሣሪያ፣ በራስ እጅ መሥራት ርካሽ ነው እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች ወጪውን በአንዲት ቺፕ ዋጋ ብቻ ለምን እንደሚቆጥሩት ሊገባኝ አልቻለም። ምልክቱን የምታጎላው ኤንኢ5534 የተባለችው ቺፕ በእርግጥ ርካሽ ናት፤ ነገር ግን ፓወር ሰፕላዩ፣ የብረት ሳጥኑና ሶኬቶቹ ሲደመሩ ከእርሷ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

እኔ ራሴ አንዱን ስሠራ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ እምም የሚለው የማያቋርጥ ድምፅ ነው። ከውጭ ኃይል የማይፈልገው ዳይናሚክ ማይክሮፎን የሚሰጠው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ እስከ 60 ዴሲቤል፣ ማለትም 1000 እጥፍ ማጉላት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ታዲያ የተናጋሪው ድምፅ ሲያድግ መግቢያው ላይ ሾልካ የገባች ኢምንት ረብሻም አብራ 1000 እጥፍ ታድጋለች። ሦስት ሌሊት ሙሉ እያንዳንዷን የስታኞ ጠብታ በአጉሊ መነጽር ስመረምር ከቆየሁ በኋላ፣ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩን ትራንስፎርመር ከመግቢያው ሶኬት አጠገብ ማሰሬ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ስንዝር ያህል ሳርቀው ድምፁ ወዲያው ቀነሰ። የተከተልኩት ንድፍ ስለ አቀማመጥ አንዲት ቃል እንኳ አልነበረውም!

ያለ ውጭ ኃይል ለማይሠራው ለኮንደንሰር ማይክሮፎን የሚያስፈልገው፣ በማይክሮፎኑ ገመድ በኩል የሚላከው የ48 ቮልት ፋንተም ኃይልማ የባሰ ነው። ይህን ኃይል ወደ ገመዱ ሁለት የድምፅ ሽቦዎች የሚያደርሱት ሁለቱ የ6.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች በደንብ ካልተመሳሰሉ በሁለቱም ሽቦዎች እኩል የሚገባው ረብሻ ሙሉ በሙሉ አይሰረዝም፤ ንድፉ ግን ያገኛችሁትን ተጠቀሙ ይላል። ቢያንስ 63 ቮልት የሚችል ካፓሲተር በሚያስፈልግበት መስመር ላይ የ35 ቮልቱን አስገቡ ብሎ ለጀማሪ መጻፍ ደግሞ ፍጹም ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው።