«ይሰማል? የሚሰማችሁ 1 ጻፉ»

እስቲ ዛሬ ደግሞ ቀጥታ ዌቢናርን፣ ያንን በኢንተርኔት በቀጥታ የሚሰጠውን ትምህርት፣ እናመስግን። ተማሪው ያማዋል። መምህሩም ማይኩ መዘጋቱን ካረጋገጠ በኋላ ያማዋል። በየማስታወቂያው «የተማሪን ተሳትፎ የሚያነቃቃ» እያሉ የሚያሞካሹት የኦንላይን ኮሌጆች ብቻ ናቸው። በዚህ ትልቅ ሥራ ብቻቸውን መተው ነውር ነው።

አጀማመሩን ተመልከቱልኝ። መምህሩ «ይሰማል?» ይላሉ። ዝም። «እሺ፣ የሚሰማችሁ ቻት ላይ 1 ጻፉ።» ያን ጊዜ ነው ጉዱ! ቻቱ 1፣ 1፣ 1 እያለ ይንጫጫል። መሃል ላይ አንዱ «አይሰማም» ብሎ ይጽፋል። ካልተሰማው ጥያቄውን ከየት ሰማው ብሎ የሚመረምር የለም። ቀጥሎ «ስላይዱ ይታያል?» ይመጣል። እንደገና 1፣ 1፣ 1። ይሄ ሁሉ በሪፖርቱ ላይ «ተማሪዎች በንቃት ተሳትፈዋል» ተብሎ ይሰፍራል። ውሸት ነው የሚል ካለ አንዶቹን ይቁጠር።

የመሣሪያ ምርጫቸውም ይደነቅ። ዙም ላይ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ስብሰባ ነው፤ ተማሪው ማይክም ካሜራም መክፈት ይችላል። ሌላው ዌቢናር ነው፤ የታዳሚው ፊት አይታይም፣ አስተናጋጁ ካልፈቀደለት ድምፁም አይሰማም። ቻት ይጽፋል፣ ጥያቄ ይልካል፣ የተሳለች እጅ ያወጣል፤ በቃ። ጥቂቶች እንዲናገሩና ብዙዎች እንዲያዳምጡ ታስቦ የተሠራ ነው። ታዲያ ኮሌጁ «ተማሪዎቼ ዝም አሉብኝ» ብሎ ተጨነቀና ይሄንኛውን መረጠ። ያውም ከፍሎ። ነፃው ዙም እኮ ስብሰባውን 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጠዋል። ተማሪ ከልቡ የሚያከብረው አንድ ሕግ ቢኖር እሱ ነበር። እሱንም በገንዘብ አስነሡት።

ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል። ማለቴ፣ ንባቡ። ስላይዱ ባለፈው ሳምንት ለሁሉም ተልኳል። ተማሪው ማንበብ ይችላል ተብሎ ኮሌጅ ገብቷል። ቢሆንም መምህሩ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡለታል። እንዲህ ያለ እንክብካቤ ከአንደኛ ክፍል በኋላ የትም አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ ተማሪዎች ቪዲዮ ያዩበትን 6.9 ሚሊዮን ጊዜ መርምሮ ነበር። ቪዲዮው የቱንም ያህል ይርዘም፣ መካከለኛው ተማሪ የሚቆይበት ጊዜ ቢበዛ ወደ 6 ደቂቃ ነው አለ። ዌቢናር አዘጋጆች ይህን ሰምተው ሁለት ሰዓት አደረጉት። 6 ደቂቃ ላይ የሚሰለች ተማሪ ሁለት ሰዓት ሲሰጠው ስንት ጊዜ ሊሰለች እንደሚችል አስቡት። ደግሞ የተቀዳ ቪዲዮ አስቁሞ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ቀጥታው ግን አይመለስም። ያልገባው ሳይገባው አብሮ ይጓዛል። «ሪከርዱን እንልክላችኋለን» ይባላል፤ ሁሉም ይህን ስለሚያውቅ በቀጥታው ሰዓት የሚያዳምጥ አይኖርም።

የእኔ ተወዳጅ ክፍል ግን «ጥያቄ ያለው?» የምትባለው ናት። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነው። 3 ሰከንድ ሲታገሡ መልሱ ይረዝማል፣ ዝም ይል የነበረውም ተማሪ ይናገራል። ይህ በክፍል ውስጥ፣ ፊት ለፊት ነው። አሁን ወደ ዌቢናሩ እንምጣ። ድምፁ በኔትወርክ ተንጠባጥቦ እስኪደርስ ትንሽ ይዘገያል። ተማሪው ጥያቄው ለሱም መሆኑ ሊገባው ትንሽ ይፈጅበታል። ጥያቄውን በሆዱ ያዘጋጃል። ይፈራል። ይደፍራል። ቁልፏን ይፈልጋታል። ያገኛታል። ሊጫን ጣቱን ሲያነሳ፣ «ጥያቄ ከሌለ እንቀጥል!» ጥያቄ ጠፋ ማለት ደግሞ ሁሉም ገባው ማለት ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር የስንት ሰው አለማወቅ ተፈታ!

ስብሰባውን የመረጡ ኮሌጆችም አልተኙም። ካሜራ አላቸው። ስክሪኑ ላይ ስም የተጻፈባቸው ጥቋቁር ሳጥኖች ተደርድረው ሲያዩ መምህሩ «ካሜራ ያልከፈተ ቀሪ ነው» ይላሉ። ጥሩ ሕግ ነው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ካሜራ ለምን እንደማይከፍቱ ተጠይቀው፣ በብዛት የጠቀሱት ስለ መልካቸውና አለባበሳቸው መጨነቃቸውን ነበር። ከኋላቸው ያለው ሰውና ቤት እንዳይታይ፣ ኔትወርኩም ደካማ በመሆኑ የሚዘጉም አሉ። ሰበብ! ቤቱን አሳይቶ የማያውቅ ልጅ በሕዝብ ፊት ሲያሳይ ነው እንጂ መቼ ነው የሂሳብ ትምህርት የሚገባው?

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የቪዲዮ ስብሰባ ለምን እንደሚያደክም ሲያስረዱ፣ ሰው ያለማቋረጥ የራሱን ፊት ማየቱን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ነበር። እኔ ይህ ለምን እንደ ችግር እንደተቆጠረ አልገባኝም። ተማሪው ለሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይዘናጋ ያጠናው አንድ ነገር ቢኖር ያ ፊት ነው። ፈተና ላይ ቢመጣ መቶ ከመቶ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ያሳዝነኛል። ዙም ድሮ ትኩረት የሚቆጣጠር መሣሪያ ነበረው። ስክሪን ሼር እየተደረገ ሳለ ተማሪው ከ30 ሰከንድ በላይ ሌላ መስኮት ላይ ከቆየ ለአስተናጋጁ ምልክት ያሳይ ነበር። የግላዊነት ነገር ያሳሰባቸው ሰዎች ጮኹና እ.ኤ.አ. በ2020 ተነሣ። ምን ያለ ግፍ ነው! መሣሪያው እኮ ፍትሐዊ ነበር። ዙሙን ከፍቶ ያንቀላፋው ተማሪ አዳማጭ ነበር። ሌላ መስኮት ከፍቶ ማስታወሻ የሚጽፈው ደግሞ ዝንጉ ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

የቡድን ውይይቱን በአጭሩ ልለፈው። አምስት ተማሪ እዚያው ዙም ላይ ለብቻው ትንሽ ክፍል ውስጥ ይከተታል። አራት ደቂቃ ጸጥታ ይሆናል። በመጨረሻው ደቂቃ አንዷ «ምንድነው ተወያዩ የተባልነው?» ትላለች። ሰዓቱ ያልቅና ሁሉም ይመለሳል። «ጥሩ ውይይት ነበር» ይላሉ መምህሩ።

ይህን የመሰለ ሥርዓት የሚያበላሹ አንዳንድ መምህራን ግን አልጠፉም። ንግግራቸውን አስቀድመው በአጫጭር ቪዲዮ ይቀዱና ይልካሉ። ተማሪው ያልገባውን ቀድሞ እንዲጽፍ ያደርጋሉ። በቀጥታው ሰዓት ስላይድ የሚባል ነገር አይከፍቱም፤ የተጻፉትን ጥያቄዎች ይዘው ይገባሉ። ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ማይክ የሌለው በቻት ይመልስ ይላሉ፤ የተጻፈውንም በስሙ ጠርተው ያነቡታል። ሁለት ሰዓት ተመድቦላቸው በግማሹ ይጨርሳሉ። «ለምን?» ሲባሉ «ጥያቄያቸውን መለስን» ይላሉ። ሪፖርታቸውን አየሁት። አንድም 1 የለበትም።

ኮሌጁ እነዚህን ሰዎች በጊዜ ሃይ ቢላቸው ይሻላል። ተማሪዎቻቸው አሁን በሌሎች መምህራን ክፍለ ጊዜም እጅ ማውጣት ጀምረዋል አሉ። ባለፈው አንዱ ተማሪ መምህሩን ስላይድ 14 ላይ አስቁሞ «ለምን?» አላቸው። ምስኪን መምህር፣ ገና 60 ስላይድ ይቀራቸው ነበር።