አዳማ ውስጥ ፖሊስ ቅድሚያ መስጠት ያለበት ለየትኛው ቁማር ነው?

አዳማ ውስጥ በቁማር ላይ ቅሬታ ሲበዛ የሚወሰደው እርምጃ የታወቀ ነው። ፓትሮል መኪና ፑል ቤት ወይም ካርታ ቤት ደጃፍ ይቆማል፣ ውስጥ የተገኘው ሁሉ ተጭኖ ጣቢያ ያድራል፣ በማግስቱ በዋስ ይለቀቃል። ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ይቀጥላል።

አሥራ ሁለት ሰው ተያዘ እንበል። የአሥራ ሁለቱም ቃል ይጻፋል፣ ኤግዚቢት ይመዘገባል፣ ያልተለቀቀው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የስልክ ንጥቂያና የቤት ሰብሮ ስርቆት መዝገብ የያዘው መርማሪ ቀኑን ሙሉ በዚህ ይጠመዳል። መዝገቡም ብዙ ጊዜ ለክስ አይበቃም። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ብር ታዛቢ ባለበት ሳይቆጠር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ይመጣል። ማን እንደተጫወተ፣ ማን ቆሞ እንዳየ አልተለየም። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ቢመልሰው አይወቀስም።

መያዝ ያለበት አቋማሪው፣ ማለትም ቤቱን የሚያስኬደው ሰው ነው። አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 150 ብር ይዘው ተቀመጡ፤ በየዙሩ 20፣ 20 ብር ይጥላሉ። ቤቱ ከየዙሩ 10 ብር ቢቆርጥና በሰዓት 15 ዙር ቢጫወቱ፣ በአምስት ሰዓት 750 ብር ይወስዳል። ይዘውት የገቡት ገንዘብ በሙሉ ማለት ነው! ከዚያ በኋላ ጨዋታው የሚቀጥለው በብድር ነው፤ መያዣውም ስልክ፣ መታወቂያ፣ አንዳንዴም የባጃጅ ቁልፍ ነው። ቤተሰብ የሚበተነው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ማስረጃው የሚገኘው ካርታው ላይ ሳይሆን የዕዳ ደብተሩ፣ መያዣ ዕቃዎቹና የቴሌብር ዝውውሩ ላይ ነው። ይህን ለመያዝ የፍርድ ቤት የመበርበሪያ ትእዛዝ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም፤ በ1954 ዓ.ም. በወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ካርታ ቤት ደግሞ የሚሞቀው ማታ ነው። መርማሪው ማመልከቻው ላይ የሌሊት ፈቃድ ለምን እንዳስፈለገው ካልጻፈ ባዶ ጠረጴዛ ነው የሚጠብቀው። ተጫዋቾቹን በተመለከተ ያው ሕግ በአንቀጽ 28 ለቀላል ጉዳዮች መርማሪው ራሱ በዋስትና ግዴታ እንዲለቅ ያስችለዋል። ስማቸውና አድራሻቸው ተመዝግቦ ቢሄዱ ምስክርም ይሆናሉ፤ ታስሮ ያደረ ሰው ግን በአቋማሪው ላይ አይመሰክርም።

ከሁሉም መቅደም ያለበት ግን መናኸሪያ አካባቢ ያለው የሦስት ካርታ ጨዋታ ነው። እሱ ጭራሽ ቁማር አይደለም። አንዱ ካርታውን ያገላብጣል፣ ሁለት ሦስቱ ተጫዋች መስለው «ይበላሉ»፣ ሌላው ዳር ቆሞ ፖሊስ ይጠብቃል። መንገደኛው ለይቶ ማግኘት ያለበት ቀዩ ካርታ ጫፉ የታጠፈ መስሎ ይታያል፤ መንገደኛው በእርግጠኝነት ብሩን ሲያስቀምጥ እጥፋቱ ወደ ጥቁሩ ተዛውሯል። ይህ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የአታላይነት ወንጀል ነው፤ ከብዶ ከተገኘ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

መዝገቡ የሚከሽፈው ተበዳዩ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ አሰላ ወይም ወደ ሐረር ስለሚሄድ ነው። ደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ሲመጣ ካርታው የሚዘረጋበት ካርቶን ይገለበጣል፣ ሁሉም ሕዝቡ ውስጥ ይቀላቀላል። ሲቪል የለበሱ ሁለት አባላት አስቀድመው «ተጫዋቾቹን» ይለዩ፤ ካርታ አገላባጩን ብቻ ሳይሆን እነሱንም ይያዙ። የተበዳዩን ቃልና ስልክ ቁጥር አውቶቡሱ ሳይነሳ እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ይቀበሉ።